የመሰደብ መብት

«ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም! ሰውዬው ራሱ ነው የወደቀው!»

«የወደቀውማ የመንግሥታችሁን መንገድ የመሰለ ሜዳ ላይ ስለሮጠ ነው።»

«ስለ መንገድ ማን አነሣ? እኔ ያልኩት ስለ ዳኛው ነው።»

«ዳኛውን ማን ላከው? የወንድሙ ልጅ የየትኛው ፓርቲ ካድሬ እንደሆነ ጠይቅ እስቲ።»

በካሹምባ ሬንጀርስ ደጋፊዎች የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ እሑድ የተጀመረው ክርክር ማክሰኞም አልበረደም። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ነገሩ የኳስ ነገር ነበር። ከምሳ በፊት የነዳጅ ዋጋ ገባበት፤ አመሻሹ ላይ የመዳብ ማዕድኑን ማን ለማን እንደሸጠው ተነሣ፤ ማክሰኞ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ እንዴት መሻሻል እንዳለበት የግራ ተመላላሽ ተጫዋቻችንን ስም በቅጡ መጻፍ የማይችሉ ሰዎች በሰፊው ያብራሩ ጀመር። በግሩፑ አናት ላይ «እዚህ ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ሕግ አለ። ሕጉን ያወጣችው አድሚኗ ባና ቡፔ ናት፤ ከሕጉ ሥር የምትደግፈውን ዕጩ ፎቶ የለጠፈችውም እሷው ናት።

ባና ቡፔ በማዕድኑ በር አጠገብ ፀጉር ቤት አላት። በሌላ ከተማ ጨዋታ ሲኖርም መኪና የምትኮናተረው እሷ ናት። የዚህ ቅዳሜው ንዶላ ላይ ነው፤ ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን። ስለዚህ በሕገ መንግሥቱ መካከል ገብታ፣ «ቅዳሜ የሚሄድ ማነው? ለአውቶቡሱ ባለቤት ቁርጡን መንገር አለብኝ» ብላ ጻፈች።

«ባለቤቱ የማን ደጋፊ ነው?» አለ አንዱ።

«አውቶቡሱ ቀለሙ ምንድን ነው? የዚያ ፓርቲ ቀለም ከሆነ እኔ አልሳፈርም፣ ከአሁኑ እንተዋወቅ» አለ ሌላው።

የሚመጣ መሆኑን የነገራት አንድ ሰው ብቻ ነበር። «እኔ አለሁ፣ እናቴ። የኋላውን ወንበር ለከበሮው ያዢልኝ» አሉ ባ ቴምቦ።

ባ ዮቤ ቴምቦ («ባ» እዚህ «አቶ» እንደማለት ነው) የማዕድኑ ባቡር ነጂ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከከበሮው ግን ጡረታ አልወጡም። ካሹምባ ሬንጀርስ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም፣ ዝናብ ሲዘንብም መዳብ ሲረክስም፣ ያ የላም ቆዳ ከበሮ ከስታዲየሙ ምሥራቅ በኩል ይጎሰማል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በምሥራቅ፣ ካቴቴ ያለችው ልጃቸው አንድ ክፍል ጨምራ ሠርታላቸው፣ «አባዬ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ይምጡ» እያለች ትደውላለች። እሳቸውም፣ «ይህችን የመጨረሻ ጨዋታ ከካንግዋ ጋር ልምታና እመጣለሁ» ይሏታል።

ባ ካንግዋ የፊሽካው ሰው ናቸው። እሳቸው ሲነፉ ባ ቴምቦ ይመታሉ፤ ባ ቴምቦ ሲያቆሙ እሳቸው ይሳደባሉ። ባ ካንግዋ ከሰሜን ቤምባ ናቸው፤ ባ ቴምቦ ከምሥራቅ ንጎኒ። የሁለቱ አያቶች በጦር ተዋግተው መሸናነፍ ሲያቅታቸው የልጅ ልጆቻቸው በስድብ እንዲጨርሱት ትተውላቸው አለፉ። ይህ ቺምቡያ ይባላል። ቤምባው ንጎኒውን አይጥ በላ ይለዋል፤ ንጎኒው ቤምባውን ጦጣ በላ ይለዋል፤ የተቀየመ ሰው የሰፈር መሳቂያ ይሆናል። የባ ካንግዋ እናት በተቀበሩ ዕለት ባ ቴምቦ ሰዉን ገፍተው የሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡና፣ «ይቺ አሮጊት የጦጣ ወጥ እንደምታበላኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ሳታበላኝ የት ነው የምትሄደው? አትቀበርም!» ብለው ጮኹ። ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ሆነው የቆሙት ባ ካንግዋ ያን ጊዜ ነበር መጀመሪያ የሳቁት፤ ከሳቁም በኋላ ነው ማልቀስ የቻሉት።

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ባ ካንግዋ ግሩፑ ላይ ስለ ዳኛው ረዘም ያለ ነገር ሲጽፉ፣ ባ ቴምቦ ክርክሩን ለማብረድ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ።

«አንተ ጦጣ በላ» ብለው ጻፉ፤ «እኛ ኳስ ስንጫወት እናንተ ዛፍ ላይ ነበራችሁ። ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ምን ታውቃለህ?»

ከዚያም ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አይጣቸውን ጠበቁ።

የመጣው ፍሬድሰን ነበር። ፍሬድሰን የሚኖረው ሉሳካ ነው፤ ስታዲየማችንን ከረገጠ ዘመን ቢያልፈውም ስለ ስታዲየማችን ከእሱ በላይ ማንም እንዲያውቅ አይፈቅድም።

«ወገኖች፣ አነበባችሁ?» አለ ፍሬድሰን። «አንድን ሕዝብ በሞላ ጦጣ ብሎ መስደብ! የእነሱ ፓርቲ ሥልጣን ቢይዝ ምን እንደሚያደርገን ዛሬ ታየ። ስክሪን ሾት ይዣለሁ!»

«ልጄ፣ ቺምቡያ እኮ ነው» አሉ ባ ቴምቦ።

«ይኸው! ጥላቻን በባህል ሲሸፍኑ!»

ስክሪን ሾቱ ከምሳ በፊት ወደ ሌሎች ግሩፖች ሄደ፤ ከምሳ በኋላ «የሬንጀርስ ደጋፊ የጦርነት ቅስቀሳ» የሚል ርዕስ ተሸክሞ ተመለሰ። በየዓመቱ በዚህ ስድብ ሆዳቸውን ይዘው የሚስቁ ሰዎች በድንገት ምን ያህል እንደቆሰሉ ትዝ አላቸው። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ባ ቴምቦን ደግፈው ቆሙ፤ ድጋፋቸው ግን ከስድቡ የከፋ ነበር፤ «ልክ ናቸው፣ እውነቱን ነው የተናገሩት!» አሉ። ባ ቴምቦ እውነት የተናገሩ አልመሰላቸውም ነበር።

ባና ቡፔ ጨነቃት። «ጉዳዩ እስኪጣራ ባ ቴምቦ አስተያየት ከመስጠት ይቆጠቡ። የተሰደቡት ባ ካንግዋ ናቸው፤ ባ ካንግዋ ይናገሩ» ስትል ወሰነች። ባ ቴምቦ ተነፈሱ። ካንግዋ ከተናገረ አለቀ፤ አንዲት አይጥ ትበቃለች፣ ግሩፑ ይስቃል፣ ፍሬድሰንም ወደ ሕገ መንግሥቱ ይመለሳል።

ባ ካንግዋ ማታ ላይ ጻፉ፦

«እኔ፣ የሰፈሩ የምርጫ ዘመቻ ጸሐፊ፣ በተጠቀሰው ግለሰብ የተሰነዘረውን ከፋፋይ ንግግር በጥብቅ አወግዛለሁ። ግለሰቡ ሕዝቡን ይቅርታ እንዲጠይቅ አሳስባለሁ።»

ባ ቴምቦ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ወዳጃቸው ከታች አንድ ነገር ጨምሮ እንደሆነ ብለው በጣታቸው ወደ ታች ገፉ። ከታች የፍሬድሰን ጭብጨባ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባ ቴምቦ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ባ ካንግዋ ግቢ ሄዱ። «ኦዲ!» አሉ ከበሩ። ባ ካንግዋ በማንጎው ጥላ ሥር የፓርቲ ቲሸርት እያጣጠፉ ነበር።

«ግባ ቴምቦ፣ ተቀመጥ። ንሺማ እየቀረበ ነው፣ አብረን እንበላለን።»

«ንሺማ ፍለጋ አልመጣሁም። አይጤን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

ባ ካንግዋ ወደ አጥሩ ተመለከቱ። «ሊቀመንበሩ ግሩፑ ውስጥ አለ እኮ።»

«ይኑራ። እናትህ ስትቀበርስ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«አልሳቀም?»

«ከሁሉም አብልጦ የሳቀ እሱ ነው» አሉ ባ ካንግዋ፤ «ያን ጊዜ ግን ምርጫ አልነበረም። ጸሐፊ ያደረጉኝ ገና በዚህ ሳምንት ነው። ምርጫው ይለፍ እንጂ እንደ ልብህ እሰድብሃለሁ። አሁን ዝም ብለህ ይቅርታ በላቸውና ነገ አብረን እንሂድ።»

«ይቅርታ የተጠየቀበት ቺምቡያ ምን ይባላል?»

ባ ካንግዋ ቲሸርቱን ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከአጥሩ ሳይነቅሉ፣ «እሺ፣ በቃ። አንተ አይጥ በላ» አሉ።

«ማን ሰማህ?»

«ማንም አልሰማኝ።»

«እንግዲያው ይኼ ስድብ ነው» አሉ ባ ቴምቦ፤ ባርኔጣቸውን አስተካክለውም ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ካሹምባ ሬንጀርስን ለማዳን የተነሡት ሁለት ሚኒባሶች ናቸው። አንዱ አውቶቡስ የቀረው በቀለሙ ነው፤ ባና ቡፔ ነጭ እንዲሆን ጠይቃ ነበር፣ ነጭ የገለልተኞች ነው ብለው ሁለቱም ወገኖች እምቢ አሉ። በፊተኛው ሚኒባስ የመንግሥት ደጋፊዎች፣ በኋለኛው ተቃዋሚዎች ተሳፈሩ። በፊተኛው ያሉት ከበሮው በኋለኛው ተጭኗል ብለው አሰቡ፤ በኋለኛው ያሉት ደግሞ በፊተኛው። በዚህ አንድ ነገር ላይ ሁለቱም ወገኖች ሳይመካከሩ ተስማምተው ነበር።

ከካሹምባ መውጫ ያለው ነዳጅ ማደያ ላይ ሚኒባሶቹ ቆሙ። ከፊታቸው ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ረጅሙ አውቶቡስ ቀድሞ እየቀዳ ነበር። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ፍራሽና የበቆሎ ጆንያ በገመድ ያስራል። ከጆንያዎቹ መካከል በሬንጀርስ ቢጫና ጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ክብ ነገር ነበር፤ ረዳቱ ገመዱን ሲያጠብቅ ክርኑ አረፈበትና አንዴ ዱም አለ።

ባ ካንግዋ በፊተኛው ሚኒባስ መስኮት አጠገብ ነበሩ። ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንገታቸው ደግሞ ስልካቸው ላይ። ፍሬድሰን ከሉሳካ እየጻፈ ነበር፤ የዛሬውን ዳኛ ማን እንደመደበው ደርሶበታል።

«ማስረጃህን አምጣ» ብለው ጻፉ ባ ካንግዋ።

«ማስረጃው የእነሱ ዝምታ ነው» አለ ፍሬድሰን።

ከኋለኛው ሚኒባስ አንዱ ስለ ማዳበሪያ አነሣ፤ ከፊተኛው አንዷ ስለ መብራት መለሰችለት። በሁለቱ መልእክቶች መካከል «ዮቤ ቴምቦ ግሩፑን ለቀዋል» የምትል ግራጫ መስመር ብቅ አለችና ወዲያው ሽቅብ ተገፋች። ረጅሙ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፍቶ ከማደያው ወጣ። የፊተኛው ሚኒባስ ሹፌር በተለቀቀው ቦታ ቀስ ብሎ ተጠጋና ሞተሩን አጠፋ። ባና ቡፔ ከፊት ወንበር ዘወር ብላ፣ «ግን እውነት እንነጋገር፣ የእሑዱ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር ወይስ አልነበረም?» አለች።