አሥራ አራት ሲቀነስ

የመጀመሪያ ልጃቸው ሳታለቅስ ነው የተወለደችው። ስምንት ወር አልፏት ነበር፤ ፀጉሯ፣ ጥፍሯ፣ ሁሉ ነገሯ ሙሉ ነው፤ የጎደላት ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ወይ አላወቁትም ወይ አልተናገሩም። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የሰው ልጆች ዩኒፎርም ስትሰፋ ከረመች። ደግማ ስታረግዝ ሦስት ወር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምቀኛ ፈርታ አይደለም፤ ራሷም ብትሆን እንድትሰማው አልፈለገችም።

ባሏ ሚዛን አስተካካይ ነው። ገበያ ውስጥ «ግራሙ» ይሉታል፤ ለግማሽ ግራም ከእናቱ ጋር ይጣላል ብለው ነው ስሙን ያወጡለት። እውነትም ነገር ይወዳል። ሽንኩርት ቢገዛ ሻጩን ትቶ ሚዛኑን ነው የሚያየው። «የማይሳሳት መሣሪያ የለም» ይላል ሁልጊዜ። «ስህተቱን ካወቅህበት ግን ተገራ ማለት ነው።» ብዙ ሚዛን ፈትቶ መግጠም አያስፈልገውም፤ የመፈተሻ ብረቱን ያስቀምጥበታል፣ ስንት እንደጨመረ ያያል፣ ከዚያ «ይህን ያህል ቀንሱ» የሚል ወረቀት ይለጥፍበትና ይሄዳል። ገበያውም ይኸው በእሱ ወረቀት ይኖራል።

በሃያ ስምንተኛው ሳምንት ሆስፒታል ጣፋጭ ውሃ አጠጧት። በባዶ ሆዷ ደም ሰጠች፤ ከዚያ ያንን ጥርስ የሚያጣብቅ የስኳር ውሃ አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠችው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዴ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ተወጋች። መርፌውስ ምንም አልመሰላት። ጣቷ መርፌ ከለመደ ስንት ዓመቱ። የፈራችው ቁጥሩን ነው፤ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሦስቱም ቁጥር ከፍ ብሎ መጣ።

«የእርግዝና ስኳር ነው» አለች ሲስተሯ። ጎልማሳ ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ የምትፈልግ ዓይነት። «ብዙ ጊዜ ከወለድሽ በኋላ ይሄዳል። አሁን ግን ዝም ካልነው ልጁ ያለ ልክ ይወፍራል፣ ሆድ ውስጥ እንዳለም ሊጎዳ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ የኔ እመቤት።»

«የበፊቷም በዚህ ይሆን?»

«እሱን አሁን ማወቅ አይቻልም። ይቺኛዋን ግን መጠበቅ እንችላለን።»

የሚበላውንና የማይበላውን ጻፈችላት። ስኳርና ጭማቂ ጨርሶ ቀረ፤ ዳቦ በቁራጭ፣ ሩዝ በጭልፋ፣ እንቁላልና ምስር እንደልብ፣ ጎመን እስኪሰለች። አንዲት ትንሽ መለኪያ መሣሪያም ሰጠቻት። ጠዋት ከመብላቷ በፊት ከዘጠና አምስት በታች፣ ከበላች ከአንድ ሰዓት በኋላ ከመቶ አርባ በታች መሆን አለበት። «ከዚያ ካለፈ መርፌ እንጀምራለን፤ ኢንሱሊን። ደብተሩን በየሁለት ሳምንቱ አምጪልኝ።»

ግራሙ እስከዚያ ድረስ ቆሞ መሣሪያዋን ሲያገላብጥ ነበር። «ሲስተር፣ ይቺ ልክ መሆኗን በምን አውቃለሁ?» አለ። ሲስተሯ ሳቀችና እዚያው ፈተሸችለት። የልብስ ሰፊዋ ጣት ደም በትንሿ መሣሪያ መቶ አሥራ ሁለት አለ፤ በዚያው ሰዓት የተቀዳው የላቦራቶሪ ውጤት ዘጠና ስምንት ሆኖ መጣ።

«ትናንሾቹ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ አያስጨንቅም» አለች ሲስተሯ። «ብቻ ያያችሁትን ጻፉ።»

እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው በጆሮው ሥር አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ወጋች። መቶ ስድስት። ሆዷ ውስጥ ያለችው ገና ስትገላበጥ፣ እሷ ትንፋሿን ውጣ ቁጥሩን አሳየችው። እሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«አሥራ አራት ሲቀነስ፣ ዘጠና ሁለት» አለና ጻፈ። «ይኸው፣ በልኩ ነው።»

«ሲስተሯ ያያችሁትን ጻፉ አላለችም?»

«ታዲያ ያየነው የተሳሳተ ቢሆንስ? ስህተት እያየሁ ልጽፍ ነው? ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፣ አንቺ ደግሞ።»

ዘጠና ሁለት የሚለውን ስታይ ትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ደስ ብሏት ነበር። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ባሏ አንድ ሚዛን በአንድ ብረት ፈትሾ ወረቀት ሲለጥፍ አይታው አታውቅም። ሁልጊዜ ሦስት ብረት ነው፤ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ፤ ያውም በሁለት ቀን። ይቺን መሣሪያ ግን አንዴ ብቻ ነው የፈተሻት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ታውቃለች፤ አንድ ቀንም አልጠየቀችውም።

ቀኖቹ እንዲህ ሄዱ። መቶ ስምንት፣ ዘጠና አራት ተባለ። ከምሳ በኋላ መቶ ሃምሳ አንድ፣ መቶ ሠላሳ ሰባት ተባለ። ሲስተሯ ደብተሩን ስታገላብጥ «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል፤ ጽሑፉም እንደ ማተሚያ ቤት» ትላለች፤ ግራሙ ይሽኮረመማል። ሆዷን ከታች ወደ ላይ በሜትር ለክታም ከሳምንቱ ቁጥር ትንሽ ተለቅ ማለቱን አየች። «ልጅሽ ጉልበተኛ ናት» አለች። «ቁጥርሽ ባያምር ኖሮ እሰጋ ነበር።» ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደብተሩ በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት ላይ ተቀንሶም የማይበቃ ቁጥር መጣ። መቶ አሥራ ሰባት። ግራሙ እርሳሱን ይዞ ቆየ። «ማታ የበላሽው ዳቦ ነው» አለ በመጨረሻ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ላይ ዳቦ ተወች፤ ቀጥላ ሩዙን፣ ቀጥላም ምስሩን። ጠዋት ጠዋት እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩ መርፌ ዓይን ውስጥ አልገባ ይላታል። ፊቷ መነመነ። ሆዷ ግን አልሰማም። ሥራ ቦታዋ የምትለካበትን ሜትር በየሳምንቱ ማክሰኞ ሲስተሯ እንደምትለካው በራሷ ሆድ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። ሜትር ስትሰፋ የኖረችበት ነው፤ እንደማይዋሻት ታውቃለች። ለግራሙ አልነገረችውም። ቢሰማ ኖሮ ከሜትሩም ላይ የሚቀንስለት ነገር አያጣም ነበር።

በሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት፣ ቀጠሮው በነበረበት ቀን ጠዋት፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ ቆመች።

«አልተንቀሳቀሰችም» አለች።

«ቦታ ጠቧት ነው። አሁን አድጋለች እኮ።»

«ከትናንት ጀምሮ ነው የምልህ።»

«ስትሄጂ ትነቃለች። ነይ፣ እንዳይረፍድብን።» ይህን ሲል ግን የሸሚዙን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ ነበር፤ እሷም አይታ አላረመችውም። መንገዱን ሙሉ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በየመብራቱ ስትቆም «በይ እንጂ» ትላት ነበር በሆዷ።

ሲስተሯ አስተኝታ ሜትሩን ዘረጋች። አርባ አንድ። ደግማ ዘረጋችው፤ ያው አርባ አንድ። ከዚያ ደብተሩን አየች፣ ሆዷን አየች፣ መልሳ ደብተሩን አየች።

«መሣሪያዋን ስጪኝ እስቲ» አለች። «የለካችውን ሁሉ በውስጧ ትይዛለች።»

ባልና ሚስቱ ይህን አያውቁም ነበር። ሲስተሯ ቁልፏን እየተጫነች ወደ ኋላ ሄደች፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ስምንት ሳምንት። በየቁጥሩ ደብተሩ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሥራ አራት ትጨምራለች፣ ሲስተር» አለ ግራሙ። «እርስዎ ፊት ፈትሸናት የለም? እሱን ቀንሼ ነው።»

«አንተ የምትመዝነው ብረት ነው ወንድሜ፤ ብረት ቦታው ላይ ይቆያል። ደም አይቆይም። ዛሬ አሥራ አራት የጨመረ ነገ ሦስት ይቀንሳል። በዚህ ቁጥር እኮ ገና በሁለተኛው ሳምንት መርፌ እጀምርላት ነበር።» አልጮኸችም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። መነጽሯን አወረደችና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ልጅቷ ዛሬ ተንቀሳቅሳለች?»

«አዎ፣ ጠዋት» አለ ግራሙ ፈጥኖ።

ለመዋሸት ብሎ አይደለም። ሰውዬው የሚያስፈራ ነገር ሲያይ ልክ ማስያዝ ልማዱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ታውቃለች፤ ስምንት ሳምንትም በዚሁ ልማድ ተጠልላ ኖራለች። አሁን ዝም ብትል ለአንድ ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር ደህና ይሆንላት ነበር። ያቺ ያለ ትንፋሽ የወጣችውን ያቀፈችበት እጇ ከበደባት።

«ዛሬ አልተንቀሳቀሰችም» አለች። «ትናንት ከቀትር በኋላ ምንም የለም። ደብተሩንም እያየሁ ነው ዝም ያልኩት። እኔም አለሁበት።»

ሲስተሯ ሆዷ ላይ የልብ ማዳመጫውን አደረገች። ፈለገች። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ታች ሄደች። በመጨረሻ ድምፁ ተገኘ፤ የደከመ ነበር፣ እየቆየ የሚመጣ። ሲስተሯ በሩን ከፍታ የሐኪሙን ስም ጠራች፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነበር።

በቀዶ ሕክምና አወጧት። አራት ኪሎ ተኩል። ጉንጯ ያበጠ፣ ቀይ፣ ትልቅ ልጅ፤ ለአራስ የተሰፋው ልብስ የሚጠባት። አለቀሰች፤ ደካማ ልቅሶ ነው፣ ግን ልቅሶ ነው። ልብስ ሰፊዋ ያንን ድምፅ ሰምታ ከመጋረጃው ማዶ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ወዲያው ተረከዟን ወግተው ደም ሲወስዱባት ግን አላለቀሰችም። እጇና እግሯ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ሃያ ስድስት» አለች ሲስተሯ። ፊቷ ተለወጠ። «የናትየው ስኳር ከፍ ብሎ ሲኖር የልጅየዋ ሰውነት እሱን ማቃጠል ይለምዳል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቆማል፤ የራሷም ይወርዳል። ከአርባ አምስት በላይ መሆን ሲገባው በጣም ወርዷል።»

ግራሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲስተሯ የያዘችውን መሣሪያ ሲያይ አፉን ከፈተ። «ሲስተር፣ መሣሪያዋ ምናልባት...»

«አንተ፣ ዝም በል» አለችው ሚስቱ። በኖሩበት ዘመን እንዲህ ብላው አታውቅም። እሱም ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ልጅቷን ይዘው ወጡ።

አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለትም አለፈ። ኮሪደሩ ላይ ጋሪ ያልፋል፣ ይመለሳል። ልብስ ሰፊዋ የደነዘዘ እግሯን ማንቀሳቀስ አልቻለችም፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሲስተሯ ስትመጣ እጇ ባዶ ነበር። አልጋው አጠገብ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ግራሙን ነው፤ ከዚያ ቃል መምረጥ ጀመረች። «እንግዲህ፣ አሁን ትንሽ...»

«ሲስተር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።»

ሲስተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ ግሉኮስ ተሰጥቷት ሠላሳ አንድ ላይ ነው ያለችው። አንዴ ተንቀጥቅጣለች፤ ረጅም ነበር። ስኳሯ እስከ ነገ ካልወጣ፣ በሕይወት ብትቆይም፣ ለጭንቅላቷ ይፈራል። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋም ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ሰማች።