ምድጃዋን ጥላ የመጣችው

ጃሙና ወንዝ ቻር ሻሊክ የተባለችውን የአሸዋ ደሴት መናድ የጀመረው ሴቶቹ የከሰዓት ትምህርታቸው ላይ ሳሉ ነው። ከሚማሩበት የቆርቆሮ ዳስ ጀርባ መሬቱ ገመስ ብሎ ሲወርድ ሞርሼዳ ጠመኔ እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ደርቃ ቀረች። መምህርቷ ሉትፋ "ጨርሺው እንጂ" አለቻት፤ ግን ራሷም ወደ በሩ እየሄደች ነበር። ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ።

የወንዝ ደሴት ሰው ቤት ማፍረስ ያውቅበታል። ላሞቹ ይቀድማሉ፣ ቆርቆሮው ይፈታል፣ ቀርከሃው ይታሰራል፤ በመጨረሻ ሴቲቱ የጭቃ ምድጃዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ጀልባ ላይ ትወጣለች። ሞርሼዳም ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየውና ስታደርገው የኖረችው ነው።

የዚያን ቀን ግን ልቧ ዳሱ ጋ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰች ሴት የከብት ክትባት መስጠት ትሠለጥናለች ተብሏል። አምና የመድኃኒቱን ብልቃጥ የሚያነብ ጠፍቶ እርጉዝ ላሟ ዐይኗ እያየ ሞታለች፤ ያ ነገር እስካሁን ያንገበግባታል። ለመጨረስ ደግሞ የቀራት ጥቂት ሳምንት ነበር። ዳሱ የማንም ስላልሆነ የሚያፈርሰው አልተገኘም። ሮጣ ሄዳ ሰሌዳውን ነቅላ አመጣች።

ጀልባው ሞልቷል። ቀዛፊው "ወይ ምድጃው ወይ ጣውላው፤ ሁለቱን አልችልም" አለ።

"ጣውላው ይግባ።"

አማቷ ጮኸች። "አበድሽ እንዴ አንቺ ልጅ? ሰሌዳ ላይ ሩዝ ልትቀቅይልን ነው?"

"ምድጃ ጭቃ ነው እማማ። ሌላ እሠራለሁ።"

"ትሠሪያለሽ! በዚህ ዝናብ ማን ሊያደርቅልሽ? ፊደልሽ?"

ሰዉ እንደየዘመዱ ተበተነ። ሞርሼዳና አማቷ ቻር ቦሮቢል ወደምትባል ሌላ ደሴት ተሻግረው ዋርሳዋ ጓሮ ተጠጉ፤ ባሏ እንደሆነ ከተማ ሪክሻ እየነዳ ነው። ሩዛቸው በዋርሳዋ ሚስት በኮሂኑር ምድጃ ላይ ይበስላል። ሞርሼዳ ጭቃ አቡክታ ምድጃ ብትሠራ ዝናቡ አፈረሰባት፤ ደግማ ብትሠራም ያው ሆነ። አማቷ የፈረሰውን ጭቃ በእግሯ ገፋ አድርጋ አለፈች።

ቦሮቢልም የጎልማሶች ትምህርት እንዳለ ስትሰማ ግን ምድጃውም ጭቃውም ከሐሳቧ ጠፋ። ሰሌዳውን በራሷ ተሸክማ ሄደች።

አስተማሪው ሞተሌብ ሲያያት ፊቱ በራ። "እሰይ! እኛኮ ካርቶን ላይ ነው የምንጽፈው። አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ!" ተቀብሏት ራሱ ሰቀለው። ከዚያ "የማን ምድጃ ነሽ?" አላት።

እዚያ ሰው የሚቆጠረው በምድጃ ነው። ካንድ ምድጃ የሚበሉ አንድ ቤት ናቸው፤ ቦታው ስለሚጠብም ካንድ ቤት የምትማረው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

"የኮሂኑር" አለች ሞርሼዳ።

"ኮሂኑርማ ይቺውና፣ ተቀምጣ።"

ኮሂኑር አንገቷን ደፋች።

"ጥግ ላይ እቀመጣለሁ ወንድሜ። መሬት ላይ።"

"ላንቺ ብፈቅድ ነገ የተፈናቀለው ሁሉ ደጄ ላይ ነው። ትምህርቱ ለነዋሪው ነው፤ አንቺ ለጊዜው እንግዳ ነሽ። ምድጃሽን ትከይና ለከርሞ ነይ።"

ለከርሞ! የቦሮቢል ዳርቻ ራሱ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ሞተሌብም ያውቃል። ክፉ ሰው ቢሆን ሰድባው ይወጣላት ነበር። ክፉ አይደለም፤ እሱን ምን ታድርገው?

ሰሌዳውን ልትነቅል እጇን ዘረጋች። አንዲት አሮጊት ጠመኔ ይዛ ፊቱ ቆማለች፤ እንደዚያ ዓይነት ሰሌዳ ላይ ጽፋ አታውቅም መሰለኝ፣ ገጹን በመዳፏ ትዳብሳለች። ሞርሼዳ እጇን መለሰችና ወጣች።

ወደ ቤት ግን መሄድ አቃታት። በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ የሰሌዳው የተሸረፈ ጥግና የተጻፈበት ይታያታል። ዝናቡ ጀመረ። ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠችው ኮሂኑር ሰሌዳውን እንድታነብ ተጠራች፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመች። ሞተሌብ ጠበቃት። ሁሉም ጠበቃት።

ሞርሼዳ ከንፈሯን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ቃሉን ሹክ አለች። ኮሂኑር ጮክ ብላ ደገመችው።

"ጎበዝ፣ ኮሂኑር!" አለ ሞተሌብ፤ ሴቶቹም አጨበጨቡላት።

ኮሂኑር ቀጣዩ ቃል ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች።