የፈታኟ ፊት

ሎሬይን ስቶባርት በእንግሊዟ ሰንደርላንድ ከተማ ሃያ ዓመት ያህል የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆና ስትሠራ፣ ሰው እንደሚፈራት ታውቅ ነበር። ይህን ያህል መሆኑን ግን አልጠረጠረችም። ያወቀችው በመሥሪያ ቤቱ የገና ግብዣ ላይ ነው። አለቃዋ ቢራ ቢጤ ቀማምሶ ብድግ አለና፣ "ለፍሪጃችን ጤና!" ብሎ ብርጭቆውን ወደ እሷ አነሳ። ሁሉም ሳቀ። ሎሬይንም ስለ ቢሮው ማቀዝቀዣ የተወራ መስሏት አብራ ሳቀች። ኋላ አንዱ ባልደረባዋ ጠጋ ብሎ ነገራት። ፍሪጅ ተፈታኞች ያወጡላት ስም ነበር። እሷ እንደምትፈትናቸው ሲሰሙ ቀጠሮ የሚሰርዙ፣ ሌላ ከተማ ድረስ ሄደው የሚፈተኑም ነበሩ።

በማግስቱ ባሏን፣ "ግሌን፣ ፊቴ ያስፈራል?" አለችው።

ግሌን ሳህን እያጠበ ነበር። አንዱን ሳህን ከሚገባው በላይ አሸው። "የሚያስፈራ እንኳን አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ኮስተር ያለ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ።"

ይህ "ለምጄዋለሁ" የሚለው ቃል ከፍሪጁ ይልቅ አንገበገባት። በወጣትነቷ ጂኦግራፊ አጥንታ ተመርቃ ነበር። በሌላ ትምህርት የተመረቀ ሰው በአንድ ዓመት ማስተርስ ወደ ሥነ ልቦና የሚሻገርበት ትምህርት እንዳለ ስታነብ፣ ዕድሜ ልኳን ሰው ስታስጨንቅ የኖረች ሴት የቀረውን ዘመኗን ሰው በማረጋጋት ልታሳልፍ ቆረጠች።

"ፈገግ ማለት ብትሞክሪ አይቀልም ነበር?" አለ ግሌን።

"በሳይንስ ነው የምሠራው" አለችው፤ ሥራዋንም ለቀቀች።

መስከረም ላይ ክፍል ገባች። ሕግ የተማረ አለ፣ ሙዚቃ የተማረ አለ፤ አብዛኞቹ በዕድሜ ልጆቿ ይሆናሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው ኢሞጀን የምትባል የታሪክ ምሩቅ ነበረች፤ ወሬም ብስኩትም የማያልቅባት። የመጀመሪያው ትምህርት ስታቲስቲክስ ነበር። አስተማሪው ዶክተር ሮሪ ፔምበርተን፣ ቀጭን፣ የብስክሌት ቆቡን በክንዱ ያንጠለጠለ ሰው፣ ቀልድ እየጣለ ጀመረ። ዓይኑ ሎሬይን ላይ ሲያርፍ ግን ቃሉ መሃል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ከመጽሐፍ እያነበበ አስተማረ።

ተማሪው ሲወጣ ቀስ ብሎ መጣ። "ይቅርታ፣ ወይዘሮ ስቶባርት አይደሉም?"

"ነኝ።"

"ሦስት ጊዜ ፈትነውኛል።"

"አለፉ?"

የብስክሌት ቆቡን ከፍ አድርጎ አሳያት።

ሎሬይን መልክ አትይዝም፤ ስህተት ግን አትረሳም። "ቀይ መኪና! ባዶ አደባባይ ውስጥ ገብተው ቀጥ ብለው የቆሙት!"

"እርስዎ አንድ ነገር ሲጽፉ አይቼ ነዋ። ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ሳስብ ነው የቆምኩት።"

"የጻፍኩት እኮ የአየሩን ሁኔታ ነበር።"

"የአየሩን ሁኔታ" አለ ዶክተር ሮሪ፣ ለራሱ የሚነግር ያህል። ቆቡን አጥልቆ ወጣ።

"ምን አደረግሽው?" አለች ኢሞጀን። "ሰውዬው ላብ አጠመቀው እኮ!"

የስታቲስቲክሱ ፈተና ጥር ላይ ደረሰ። ሎሬይን ከማንም በላይ አጥንታ ነበር፤ ፈተና ደግሞ ማንንም ያስፈራ እንጂ እሷን ያስፈራል ብላ አላሰበችም። ኮምፒውተሮቹ በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ዶክተር ሮሪ በለስላሳ ጫማው ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ከኋላዋ ሲደርስ ቆመ። የእስክሪብቶ ድምፅ ተሰማት። ምን ይሆን የጻፈው? ዞር ብላ እንዳታይ ክብሯ ከለከላት። ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ይተራመሱባት ገቡ። የምታውቀውን መልስ ሰርዛ የማታውቀውን ጻፈች፤ መልሳ እሱንም ሰረዘች።

ውጤቷን ሊነግራት ቢሮው ሲጠራት ድምፁ የተረጋጋ ነበር። "ባለማለፍዎ አዝናለሁ። ስህተቶቹን ላስረዳዎት?"

ሎሬይን ክው አለች። ቃል በቃል የራሷ አረፍተ ነገር ነበር። ለስንቱ ሰው ብላዋለች፤ ሁልጊዜም ጨዋ ንግግር ይመስላት ነበር። አሁን ለራሷ ሲባል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውሃ ልትደፋበት ምንም አልቀራት።

"ተበቀለኝ!" አለች ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ።

"ሦስት ጊዜ ጥለሽው የለ?" አለ ግሌን።

"ይገባው ነበር!"

"እሱም እንደዚያ ብሎ ይሆናል።"

ወረቀቷ በሌላ መምህር እንዲታረምላት አመለከተች። ሌላው መምህር አረመ። ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ውጤት ሰጣት።

ሎሬይን ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ወደ ዶክተር ሮሪ ቢሮ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። "ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ለካ አዝነውልኝ ነጥብ ጨምረውልኝ ኖሯል።"

ዶክተር ሮሪ ፊቱ ቀላ። "እውነቱን ልንገርዎት? አዝኜ አይደለም። ሊቀየሙኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው።"

"እኔን? ጥፍር የምታህል ሥልጣን የሌለኝን?"

"ማታ ማታ አሁንም ያንን አደባባይ በሕልሜ አየዋለሁ።"

ሎሬይን ያልተጋበዘችበት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። "እኔስ ለምን የወደቅኩ ይመስልሃል? ከኋላዬ ቆመህ ስትጽፍ እጄ ደረቀ እኮ! ምን ነበር የምትጽፈው?"

ለማስታወስ ጣሪያውን አየ። "ለራት የሚገዛ ነገር። ሽንኩርት መሰለኝ።"

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ ከዚያ እሷ። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ተማሪዎች አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱታው ቀረ፤ የመመረቂያ ጥናቷም የተወለደው እዚያው ወንበር ላይ ነው። የፈታኝ ፊት ተፈታኙን ምን ያደርገዋል? አማካሪዋ ሮሪ ሆነ። የወደቀችበትንም ፈተና በድጋሚ ተፈትና አለፈች፤ ያኔ ግን ሮሪ ካፊቴሪያ ሄዶ ቆየላት።

ጥናቱ ቀላል ነበር። ሰዎች ወረቀት ላይ የታተመ ኮከብን በመስታወት ብቻ እያዩ በእርሳስ ይከተሉታል። ይህ ማንንም ያደናብራል። ሎሬይን አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ለግማሾቹ ኮስተር፣ ለግማሾቹ ፈገግ ትላለች። ፈገግታ ያረጋጋል፣ ስህተት ይቀንሳል የሚል ግምት ነው የጻፈችው። ግምቷ እንዲሰምር ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ ፈገግታ ትለማመድ ነበር። አንድ ቀን ግሌን በር ከፍቶ ገባባት።

"ጥርስሽን ነው የሚያምሽ?" አላት ደንግጦ።

ኢሞጀን መረጃውን በመሰብሰብ ታግዛት ነበርና ውጤቱን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። "ሎሬይንዬ፣ መጀመሪያ ብስኩት ብዪ" አለቻት።

"ምንድነው?"

"ፈገግ ያልሽላቸው ናቸው አብዝተው የተሳሳቱት። በጣም ነው ደግሞ።"

ተሳታፊዎቹ የሰጡትን አስተያየትም አነበበችላት። ከፈገግታው ወገን አንዱ፣ "የምትደብቀኝ ነገር ያለ መሰለኝ" ብሏል። ሌላዋ፣ "ፈገግ ስትልብኝ ቦርሳዬን ዳሰስኩ" ብላለች። ከኮስታራው ወገን የነበረ ሽማግሌ ግን፣ "ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ተረጋጋሁ" ሲል ጽፏል።

ሮሪ በደስታ መቀመጥ አቃተው። "ከጠበቅነው ፍጹም ተቃራኒ! ግሩም እኮ ነው!"

"ግሩም የምትለው የኔን ፊት ነው" አለች ሎሬይን።

ጥናቷ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ካባ ለብሳ ተመረቀች፤ ግሌን እንባ አውጥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ሥራ ልትፈልግ ስትነሳ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ የነበረውን ነገር በወጉ አነበበችው። ዲግሪው ሰው ለማከም የሚያበቃ ሳይሆን፣ ሰው ማከም ለመማር ማመልከት የሚያስችል ነበር። ከፊቷ ገና ዶክትሬት አለ፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ደግሞ መዓት አመልካች ይሻማል።

"ገባኝ" አለ ግሌን። "መንጃ ፈቃዱ አይደለም የተሰጠሽ። የመለማመጃ ወረቀቱ ነው።"

ቢሆንም ሥራ አላጣችም። የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ በሚመረምር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆና ተቀጠረች። ሥራዋ አረጋውያንን መፈተን ነበር።

ከሁሉ በፊት የመጡት ኖርማን ሄድሊ የሚባሉ፣ በመርከብ ፋብሪካ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሎሬይን ልማዷን አልተወችም፤ ኮስተር ብላ ጠየቀች። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ። ሰዓት ይሳሉ። እሳቸውም በላብ ተጠምቀው ሠሩ።

"አለፍኩ?" አሉ እርሳሱን አስቀምጠው።

"እዚህ ማለፍ መውደቅ የለም፣ ሚስተር ሄድሊ።"

"ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ? ባለፈው የፈተነችኝ ያቺ ሌላዋ ልጅ 'ጎበዝ፣ ጎበዝ' እያለች እንደ ሕፃን ነው የሸኘችኝ። አንቺ ደግ ሰው ትመስያለሽ፤ ንገሪኝ።"

ደግ ሰው ትመስያለሽ! እንዲህ ያላት ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም። "የሰዓቱ አንዱ ቆጣሪ የለም። ቁጥሩም ላይ ሁለቴ ተሳስተዋል" አለች። "የቀረው ደህና ነው።"

ሚስተር ሄድሊ ቀና ብለው ወጡ። "ሦስት ስህተት ብቻ!" ብለው ለልጃቸው ሲፎክሩ ድምፃቸው እስከ እንግዳ መቀበያው ተሰማ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ወጣት ሐኪም ናት፣ ሎሬይንን ጠርታ ለስለስ ባለ ድምፅ ወቀሰቻት። "ውጤት አንናገርም እኮ። ልጃቸው ደውላ ነበር። ሰውዬው ቁርስ ሳይበሉ ሰዓት ሲስሉ ነው የሚውሉት። ከተለማመዱ ምርመራው ዋጋ የለውም።"

ሎሬይን አፍራ ስልክ ደወለችላቸው። "ሚስተር ሄድሊ፣ እባክዎ ሰዓት መሳሉን ያቁሙ።"

"ለምን? አሁን እኮ ጎብዣለሁ።"

"ሌላ ነገር ይሳሉ። የሚወዱትን" አለች።

በቀጠሯቸው ቀን ክሬን ስለው መጡ፤ ትልቅ ወረቀት ሙሉ፣ ከነገመዱ፣ ከነመሰላሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ፊቷን እያዩ ይጠብቁ ጀመር። ሎሬይን ኃላፊዋ እንዳትሰማ ተነስታ በሩን ዘጋች። ተመልሳ መነጽሯን አደረገችና ከላይ እስከ ታች መረመረችው።

"አንድ ገመድ ጎድሏል" አለች።

"የቱ ጋ?" አሉ ሚስተር ሄድሊ፣ ወንበራቸውን እየሳቡ።