በውሃ የተጀመረ ወሬ

ልብስ ተኳሿ ጠዋት በሰው አገር ወደምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትገባ፣ በአንሶላ ክምር ዙሪያ ሲያንሾካሽኩ የነበሩት ሴቶች ውሃ እንደ ፈሰሰበት እሳት ጸጥ አሉ። ልቧ ደነገጠ። እናቷ በአገር ቤት ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ ወንድሟም በደወለች ቁጥር «ተኝታለች፤ ስትነቃ አገናኝሻለሁ» ይላታል።

የአገሯን ልጅ፣ አንሶላ አጣፊዋን፣ ጠጋ አለቻት።

«እትዬ፣ የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?»

«እኔ ምን ሰምቼ! ይልቅ ካውያውን አንሺ፤ የሰው ሸሚዝ ልታቃጥዪ ነው።»

አጣፊዋ ምስጢር ሲነግሯት ሆዷን የሚቆርጣት ሴት ነበረች። ዛሬ አፏን መያዟ የተኳሿን ጥርጣሬ አጸናው።

ጥቂት ቆይቶ አለቃቸው መጣች። ስትቆጣ እንጂ ስትስቅ ታይታ አታውቅም። ተኳሿን ወደ ቢሮዋ ወስዳ በሩን ዘጋች፤ ወንበር ሳበችላት፤ ውሃ ቀዳችላት።

«መጀመሪያ ጠጪ። ቤት ስትገቢ አብሮሽ የሚሆን ሰው አለ?»

ተኳሿ የእናቷ መርዶ መሰላት። በአገሯ መርዶ ነጋሪ አስቀድሞ እህል ውሃ ያስቀምሳል፤ ሐዘንተኛውም ብቻውን እንዳይሆን ሰው ያሰባስባል። ብርጭቆውን ሳትነካ እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች።

«መቼ ነው?»

አለቃዋ ወሬው የሾለከ መስሏት ወደ በሩ ገላመጠች።

«ማን ነገረሽ? ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ነው። የመተኮሻ ማሽን ስለ ተገዛ ሥራሽ ቀርቷል። አዝናለሁ።»

«ይኸው ነው? እናቴስ?»

«እናትሽ ምን ሆኑ?»

ተኳሿ ብድግ ብላ አለቃዋን አገላብጣ ሳመቻት፤ «ተመስገን!» እያለች እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች። ከበሩ ጀርባ ጆሮዋን ጥላ የነበረችው አጣፊዋ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈች።

«ምን አለችሽ?»

«አባረረችኝ፣ እትዬ!»

«ይኼ ያስቃል? አበድሽ እንዴ!»

«እናቴን የቀበርኩ መስሎኝ እኮ ነበር! ምናለ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ ይነገራል? ምሳ እስክትበዪ ብዬ ነው እንጂ!»

ሁለቱ ሲሳሳቁ አለቃቸው ቁልፏን ይዛ አዲሶቹ አንሶላዎች ወደተቀመጡበት ቁም ሣጥን ልትቆልፍ አመራች፤ ሲባረር የሚስቅ ሰው አላማራትም።

ተኳሿ ግን ደስታዋ ሳይበርድ ለወንድሟ ደወለች።

«ተኝታለች» አላት።

«ዛሬስ ቀስቅሳት!»

 ወንድሟ ቀስ ብሎ፣

«እህቴ» አላት፤ «እህል ቀምሰሻል? አጠገብሽስ ሰው አለ?»