ሊዲ በላች

ልጅ ማሳደግ አላውቅም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የማያውቀው ልጁን ታቅፎ የተቀመጠው ብቻ ነው። የእኔ ሊዲ ሁለት ዓመት ካለፋት ወዲህ ግቢያችን በሙሉ አዋቂ ሆኗል። ልጄ ሳህን ስታይ መሬት ላይ ተዘርራ እሪ ትላለች፤ ያኔ አንዷ በአጥር ብቅ ብላ ምነው ልጅቷን አስለቀሳችኋት ትላለች፣ ሌላዋ ብስኩት ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ደግሞ ዓይን ነው፣ ሰው አይቷት ነው ብላ ትፈርዳለች። ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም።

ስሜ ኮከብ ነው። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ አትክልት እሸጣለሁ። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም፣ ጎመን ከእጄ አይጠፋም። የሰው ልጅ ከእኔ መደብ በተገዛ ያድጋል፣ የራሴ ልጅ ግን ካሮት ስታይ እባብ ያየች ያህል ትሸሻለች። ይህንን ደንበኞቼ ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ መዘነቻትና ትንሽ ቀነስ ትላለች እንጂ የሚያሰጋ ነገር የለም አለችኝ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ገና እምቢ ማለትን መማሯ ነው፤ እምቢታዋን የምትሞክረውም ምግብ ላይ ነው አለች። ስትጮህ አትጩሂባት፣ የጮኸችበትንም አትስጫት፣ አጠገቧ ተቀመጪና እስኪወጣላት ጠብቂ። አፏን በግድ ከፍተሽ አታጉርሻት። ከእናንተ ጋር ትቅረብ፣ እናንተ የምትበሉት ፊቷ ይሁን፣ ስትፈልግ በራሷ እጅ ታነሳለች። ይኸው ነው። መድኃኒት የለ፣ ሽሮፕ የለ። ከመድኃኒት የከበደ ነገር ነው የሰጠችኝ፤ ልጅ እሪ እያለች በትዕግሥት መቀመጥ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ገበያ ነበርኩ።

ቢሆንም ሞከርኩ። ሊዲ መሬት ላይ ስትንከባለል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት መልቀም ጀመርኩ፣ የበሰበሰውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። እሷ ትጮሃለች፣ እኔ እለቅማለሁ። አንዳንዴ ጥርሴን ነክሼ ነው። ሲደክማት እየተሳበች መጥታ ራሷን ጭኔ ላይ ትጥላለች፣ ንፍጧን በቀሚሴ ትጠርጋለች፣ ያኔ ፀጉሯን እደባብሳለሁ። በራችን ላይ ሱቅ ያላትን ፈውዚያንም ለመንኳት። ፈውዚያ ወሎዬ ናት፣ እጇ ለልጅ አይጨክንም፤ ሊዲ ባለቀሰች ቁጥር ብስኩት የምታቀብላት እሷ ነበረች። ወላሂ ከእንግዲህ አልሰጣትም አለችኝ። ቃሏንም ጠበቀች።

ያስቸገሩኝ አማቴ ናቸው። እማማ ሸዋወርቅ ከምንጃር የመጡት እኔ ሥራ ስውል ሊዲን እንዲይዙልን ነው። ክፉ ሰው ናቸው ብል እግዜር ይታዘበኛል። ሊዲን ከጀርባቸው አያወርዷትም፣ ከሷ ቀድመው አይተኙም። ግን ለእሳቸው ልጅ የሚያድገው በቅቤና በጉርሻ ነው። ጎመን በጤና የሚለውን ተረት ሲተርቱ እንኳ ለጎመኑ እያዘኑ ነው። ልጅ እምቢ ስትል ቁጭ ብሎ ሽንኩርት መልቀም የሚባል ነገር በዘራቸው ሰምተው አያውቁም። እኔን ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

አንድ ቀን ሊዲ ያጎረሷትን ስትተፋባቸው፣ "ይህች ልጅ እንጥሏ ወርዷል። ካልተቆረጠላት እህል አይወርድላትም" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ጉሮሮ መግቢያው ላይ የምትንጠለጠለው ሥጋ ማንንም ጎድታ እንደማታውቅ፣ ሜዳ ላይ በምላጭ የተቆረጠች እንደሆነ ግን ደሙ አልቆም እንደሚል፣ ቁስሉ እንደሚመረቅዝ፣ በዚያው የቀሩ ልጆች እንዳሉ ሲስተሯ ጤና ጣቢያ ለእናቶች ስታስተምር የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ነጠላቸውን እየሰበሰቡ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ኃይለየሱስ ስለሚባለው ልጃቸው አወሩኝ። የባሌ የልዑልሰገድ ታላቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ወንድም እንደነበረው ባሌ እንኳ አንስቶልኝ አያውቅም።

"እሱም እንዲሁ እያለቀሰ፣ እንዲሁ ምግብ እምቢ እያለ ነው የሄደብኝ" አሉ። "አስቆርጪው ሲሉኝ ዛሬ ነገ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ቀበርኩት።"

ምን ይባላል? ልጁን ምን እንደገደለው የሚያውቅ የለም። በአገሩ ሐኪም አልነበረም፤ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ተቅማጥም ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ጭነው ኖረዋል። አዘንኩላቸው፣ ከልቤ አዘንኩላቸው። ማዘን ግን መፍቀድ አይደለም። ልዑልሰገድን ለብቻው ይዤ እናትህ ሊዲን የትም እንዳይወስዱብኝ አልኩት። እሺ አለ። ልዑልሰገድ ከአዳማ ሁሩታ ሚኒባስ ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲነታረክ ውሎ ቤት ሲገባ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው። ለእኔም እሺ ይላል፣ ለእናቱም እሺ ይላል። ይህን እያወቅሁ እሺታውን አመንኩ።

አንድ ማታ ለእራት ጎመን ሠራሁ፣ ካሮትና ድንች ገባ አድርጌበት፣ ከጎኑ እንቁላል። ሊዲ እንደ ልማዷ ጮኸች፣ ተንከባለለች፣ እኔም ሽንኩርቴን ለቀምኩ። ሲወጣላት መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ማንም ብይ አላላትም። እኛ ስንበላ ስታይ ቆየችና እጇን በአባቷ በኩል ሰዳ ጎመን አነሳች። አላመጠች። ፊቷን አጨማደደችና ደግማ አነሳች። አሁን ካሮት። እማማ ሸዋወርቅ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በዓይኔ ለመንኳቸው፣ ተዉት። ሊዲ በመጨረሻ የጎረሰችው በዛባትና ትን አላትና ሳለች፣ ተፋችው፣ ከዚያ ሳቀች።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ነው። ልጄ በገዛ እጇ በላች፣ ፈልጋ በላች። ጓዳ ሆኜ ግን እማማ ሸዋወርቅ ለልጃቸው ሲናገሩ ሰማሁ። አየህ፣ ፈልጋ እንኳ አልወረደላትም ነበር የሚሉት። እኔ ያየሁት እጇን ነው፣ እሳቸው ያዩት ሳሏን። ልዑልሰገድ አልመለሰም፤ ዝም አይነቅዝም።

በማግስቱ ሽንኩርት ላስጭን ዓለም ጤና ሄድኩ። ሽንኩርት የምወስድበት ገበሬ መርዳሳ ይባላል፤ ስለ ሊዲ እምቢታ ከዱሮም ያውቃል። የትናንቱን ስነግረው ከልቡ ደስ አለው፤ ከማሳው ጫፍ ለጋ ለጋውን ካሮት ከነቅጠሉ ነቅሎ "ይህ ለኢንተላሽ ነው" ብሎ አሸከመኝ፣ ለሴት ልጅሽ ማለቱ ነው። የጭነት መኪናው ስለዘገየ ረፈደብኝ። ለልዑልሰገድ ብደውል አያነሳም። እየነዳ ይሆናል አልኩ። ካሮቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አፈሩን እያራገፍኩ፣ ሊዲ ቅጠሉን እንዴት እንደምትጎትተው እያሰብኩ መጣሁ።

ሰፈር ስደርስ ፈውዚያ ከሱቋ ወጣች፣ ግን ፊቴን አላየችም። ሊዲ ጠዋት ብስኩት ስትጠይቀኝ፣ እንዳልሽኝ ከለከልኳት አለች። ልጅቷ በሩ ላይ ተዘርራ ከንፈሯ እስኪጠቁር አለቀሰች። እማማ ሸዋወርቅ ሮጠው መጥተው አነሷት፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው እያሉ ስልክ አስደወሉ፣ ልዑልሰገድም ሚኒባሱን ይዞ መጣ።

"የት ወሰዷት?"

"ሁሩታ ሲሉ ሰማሁ" አለች ፈውዚያ። "ከዚያ ወዲያ የምትቆርጥ ሴት አለች ሲሉ።" ከዚያ አለቀሰች። "ብስኩቱን በሰጠኋት ኖሮ።"

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። የት ብዬ ልሩጥ? ስደውል አያነሱም። ሚኒባሱ ሲመጣ የተለመደው የተሳፋሪ ወከባ የለበትም፣ ባዶውን ነው። እማማ ሸዋወርቅ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ሊዲን ጀርባቸው ላይ በነጠላ አዝለዋታል። አታለቅስም። አገጯ ላይ ደም ደርቋል። እማማ ፊታቸው በርቶ ነበር። እግዜር ይይላቸው አልልም፣ ምክንያቱም ከልባቸው ነው የበራው።

"አትቆጪ፣ ልጄ" አሉኝ። "እኔ ሁለተኛ አልቀብርም።"

ሊዲን ከጀርባቸው ተቀብዬ ልዑልሰገድን በመስኮቱ በኩል አየሁት። ከመሪው ላይ አልተነሳም። እማዬን እምቢ ማለት አቃተኝ አለ።

"ሊዲ እምቢ አላለችም?" አልኩት።

ሞተሩን አጠፋ።

"እጇን የያዛት ማን ነው?"

መሪው ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ እጆች ሲጎርስ ሳይ የምበላው ከጉሮሮዬ አይወርድም።

የሲስተሯ ቃል አልቀረም። ሊዲ አተኮሳት፣ አንገቷ አበጠ፣ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ የተቆጣው እኔን ነው። እናቷ የት ነበርሽ አለኝ። ሽንኩርት ላስጭን ሄጄ ነበር አልኩት፣ እውነቱ ይኸው ነው። ብዙ መርፌ ወጋት፣ ብዙ ቀን ያለ ምግብ በግሉኮስ ቆየች፣ በመጨረሻ ትኩሳቱ ለቀቃት። መርዳሳ የሰጠኝ ካሮት ጓዳ ውስጥ ደርቆ ቆየኝ።

ከሆስፒታል ስንመለስ ሊዲ መብላት ጀመረች። ገንፎውን፣ እንቁላሉን፣ ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ያቀረቡላትን ሁሉ። ማልቀስ የለ፣ መንከባለል የለ። ማንኪያ ወደ እሷ ሲመጣ አፏን ትከፍታለች፣ ትውጣለች፣ እንደገና ትከፍታለች። ጠግባ እንኳ አትከለክልም፤ እስካጎረሷት ድረስ ትከፍታለች፣ አንዳንዴ እስክታስመልስ። በራሷ እጅ ግን ምንም አታነሳም። ሳህኑን ፊቷ አድርጌ ብጠብቅ፣ ቢመሽም እጇን አትሰድም።

እማማ ሸዋወርቅ በደስታ ስለት አስገቡ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሊዲን አስቀምጠው ያጎርሳሉ፣ እንግዳውም እሰይ፣ እሰይ ይላል። ያ የአጥሩ አዋቂ ሁሉ አሁን እኔን ይመክረኛል፤ አየሽ፣ በጊዜው ብትሰሚ ኖሮ ልጅቷ ይህን ያህል ባልተሰቃየች ይሉኛል። ከግቢያችን መጨረሻ የምትኖር አንዲት ልጅ እግር እናት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥታ የቆራጭዋን አድራሻ ጠየቀችኝ። የእሷም ልጅ ምግብ እምቢ ብሏል። ሊዲ ሆስፒታል መተኛቷን ረሳሽው ወይ አልኳት። ዳነች አይደል እንዴ አለችኝ። አባርሬ አስወጣኋት። ግቢው አሁን ኮከብ አብዳለች ይላል፣ ያቺ እናት ግን አድራሻውን ከእማማ ሳትወስድ አልቀረችም።

ጤና ጣቢያ ብወስዳት ክብደቷ ጨምሯል። ሲስተሯ ወረቀቱን አይታ ደስ አላት። አፏን ልታይ ወደ እሷ ጎንበስ ስትል ሊዲ ሳትጠየቅ ከፈተች። ሲስተሯ ፈገግታዋ ጠፋ። ጊዜ ይወስዳል አለችኝ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሊዲን በራችን ላይ አስቀምጬ ፈውዚያ ሱቅ ገባሁና ብስኩት ስጪኝ አልኳት። ተገርማ አየችኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ሰጠችኝ። ያንኑ የዱሮውን፣ ሊዲ የምትጮህለትን። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ማሸጊያውን ቀደድኩ፣ አሳየኋት፣ አሸተትኳት፣ ከዚያ ከኋላዬ ደበቅኩት።

"አልሰጥሽም" አልኳት።

ዱሮ ቢሆን ይህቺ ቃል ሳታልቅ መሬት ላይ ነበረች። ከንፈሯ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅኩ። አልተንቀጠቀጠም። ዝም ብላ ታየኛለች።

"አልቅሺ፣ የኔ እናት" አልኳት። "እንደ ዱሮሽ እምቢ በይኝ።"

ሊዲ ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አድርጋ ጭኖቿ መካከል ከተተቻቸው። ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ዓይኖቿን ጨፍና አፏን እስከ መጨረሻው ከፈተች፣ እንደዚያው ከፍታም ጠበቀችኝ።

"በላች?" አሉ እማማ ሸዋወርቅ ከውስጥ።

በላች አልኳቸው።