ከፊት ብቻ የተፈተነው ብረት ለበስ ሠረገላ

ማእምረ መጻሕፍት አንባቢ ሆይ፤ የሰው ሕመም በትኩሳቱና በምላሱ ይታወቃል፤ የአንድ ጥበበ እድ ሕመም ግን፣ ምድጃው እየነደደ፣ መዶሻው እየጮኸ፣ ሠራተኛውም እያንጎራጎረ ሳለ ውስጥ ለውስጥ ሊገዘግዘው ይችላልና፣ ጤናውን መርምሮ ማወቅ እጅግ ረቂቅ ነገር ነው።

በቀደመው ዘመን በአንዲት ደጋማ መንግሥት አዛዥ ዘወንጌል የሚባል፣ ዐይኑ የማያርፍ፣ ጠይቆ የማይጠግብ ሹም ነበረ። ንጉሡም የብረት ለበስ ሠረገላ መሥሪያው ደኅንነት እንዴት እንደሆነ አይቶ እንዲመለስ ላከው፤ ሠረገሎቹ ወደ ጠረፍ ሊዘምቱ ነበርና፣ ከሚሳፈሩባቸውም መካከል የአዛዡ ታናሽ ወንድም ክንፉ አንዱ ነበር። ሆዱ የፈራው ለእርሱ ነው፤ ይህን ለምን እንሸሽገዋለን?

የመሥሪያው አለቃ ሊቀ ጠበብት ፍሥሐ ጽዮን፣ ግርማው የከበደ፣ ምግባሩ የቀና ሽማግሌ፣ እንግዳውን በአክብሮት ተቀብሎ የአባቶቹን ሥርዓት አሳየው። በዚያ አገር ሠረገላ የሠራ ሰው ራሱ ገብቶ ይቀመጥበታል፤ ተኳሹም ፊት ለፊት ቆሞ ይተኩስበታል። አለቃው ገባ፤ ተተኮሰ፤ ብረቱም ጥይቱን እንደ ጠጠር አንጥሮ መለሰው። ሕዝቡ እልል አለ።

አዛዡን ግን እልልታው አላጠገበውም፤ ሠረገላውን ዞሮ ዞሮ በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ለጠፈበት። ከዚያም በትሕትና፣ «አባቴ፣ እስቲ ደግሞ በጎኑ ይዙርልኝ» አለ። ሠረገላውን የሚጎትቱት በቅሎዎች አዞሩት፤ ተኳሹም አነጣጠረ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይውረዱ አላልኩም እኮ፣ አባቴ» አለ አዛዡ።

«አላሉኝም፣ ጌታዬ» አለ ሽማግሌው፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ። «እንዲያው እግሬ አወረደኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በፈተናው ጥይቱ ዘወትር ከፊት ስለሚመጣ፣ ሠሪ ሁሉ ለነፍሱ ሳስቶ የፊቱን ብረት ሲያወፍር፣ በቅሎ የምትጎትተው ክብደት ልክ አለውና የጎኑን ሲያሳሳ ኖሯል፤ ማንም ለክፋት ብሎ አላደረገውም፣ ልጅ ከአባቱ እንዲሁ ተቀበለው።

አዛዡ በባዶው ሠረገላ ላይ አስተኮሰ፤ ጥይቱ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ወጣ። የክንፉ ፊት በዐይኑ ድቅን አለበትና በሰው ፊት አለቀሰ። ዘመቻው ተራዘመ፤ ንጉሡም ተቈጥቶ መሥሪያውን ሊዘጋ ሲል፣ እንዳይዘጋው አዛዡ በጉልበቱ ተንበርክኮ ለመነው። ጎኑ እንደ ፊቱ በወፈረ ጊዜ፣ የሚተኮስበት ወገን ሠሪው ከገባ በኋላ በዕጣ እንዲወጣ ተደነገገ፤ የመጀመሪያውንም ዕጣ ፍሥሐ ጽዮን ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። አንድ ጥበብ ጤነኛ የሚባለው፣ ሠሪው ራሱ ሊቀመጥበት በፈራው ስፍራ የሌላ ሰው ልጅ ሳያስቀምጥ ሲቀር ነው።