እህህ የሚለው ኮምፕሬሰር

ሰውየው የሬዲዮውን ሰባኪ ድምፅ ከፍ ማድረግ የጀመረው የመኪናው ኮምፕሬሰር እህህ ማለት በጀመረ ሰሞን ነው።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሚስቱን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ያመላልሳታል። መኪናዋ የመጨረሻ ልጃቸው እኩያ ናት። ቀለሟ ተላልጧል፣ የኋላ በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፤ ሞተሯ ግን ዛሬም ጤነኛ ነው። የታመመው ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው ነው። ገና ሲከፍተው ከኮፋኖው ሥር አንድ ነገር ያቃስታል፤ መጀመሪያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ፣ እያደር ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ። ያን ጊዜ እጁ ሹልክ ብሎ ወደ ሬዲዮው ይሄዳል።

ሚስቱ የመሰላት ሌላ ነው።

"ተመስገን! ሠላሳ ዓመት የለመንኩት ደረሰ" አለችው አንድ ቀን። "አንተም ቃሉን መስማት ጀመርክ።"

"ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው" አለ። ሰባኪው "ጌታ ሆይ፣ ታገሠን" ሲል እሷ ስለ ነፍሷ፣ እሱ ስለ ኮምፕሬሰሩ፣ ሁለቱም "አሜን" ይሉ ነበር።

የደበቃት ወዶ አይደለም። ብትሰማ "አጥፋው፣ እችለዋለሁ" ትላለች። ከእጥበቱ ስትወጣ ግን ደም ግፊቷ ወርዶ ነው የምትወጣው፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይጥላታል። ሌላም ነገር አለ። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው በከባድ መኪና ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ሚስቱን ሆስፒታል ያደረሳት ጎረቤት ነው፤ ለሁለተኛው ልጅ የገዛ ወንድሟ፣ ለሦስተኛው ስሙን እንኳ ያልጠየቀችው ባለታክሲ። እሱ ያኔ የሰው ሲሚንቶ ጭኖ አገር ያቋርጥ ነበር። አሁን ይህችን አጭር መንገድ ማንም እንዲወስድበት አይፈልግም።

ስለዚህ ኤሲው በደከመ ቁጥር መንገድ ዳር ካሉ የኤሲ ጋዝ ሞዪዎች ዘንድ እየወሰደ ያስሞላዋል። ሁለት ቀን ይቀዘቅዝና በሦስተኛው ቀን ብሶበት ያቃስታል።

ማክሰኞ ከእጥበት ሲመለሱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ መኪና ከመኪና ተጣብቆ በቆመበት፣ ከኤሲው ትኩስ አየር መጣ። ሚስቱ ወሬዋን አቋረጠች። ዘወር ሲል ጭንቅላቷ መስኮቱ ላይ ተደግፏል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። እንደምንም ፈልቅቆ ወጥቶ አንድ ሕንፃ ጥላ ሥር አቆመ። ወንበሯን አስተኝቶ እግሯን ከፍ አደረገላት። ዓይኗን እስክትገልጥ ድረስ ሲጠራት የቆየው በልጅነት ስሟ ነበር።

ቤት ትልቋ ልጃቸው የግፊት መለኪያዋን ይዛ ትጠብቅ ነበር።

"አባዬ፣ ዘጠና በሃምሳ ነው! ሰው ነው የምትጭነው ወይስ ሲሚንቶ?" ቃሉ ካፏ ካመለጠ በኋላ ራሷም ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። "ከእንግዲህ ባሌ በራሱ መኪና ይወስዳታል።"

"ሥራ የለውም እንዴ?"

"ያስፈቅዳል።"

"ሐሙስን ብቻ ተዪልኝ" አላት። "ሐሙስ ደህና ካልመጣች፣ ባልሽ ይውሰዳት። ቃል አልተነፍስም።"

ረቡዕ ጠዋት ጋራዥ ሄደ። መካኒኩን ሁሉም "ሐኪሙ" ነው የሚለው፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ያዳምጣል። አዳምጦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ማቃሰት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ወር ቢሆነው ነው።"

"እና እስከ ዛሬ ምን አደረጉለት?"

"ሬዲዮ ከፍ አደረግኩ።"

ሐኪሙን ሳቁ አመለጠው። "ለታመመ ኮምፕሬሰር ሰባኪ! ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እንጂ ጋሼ። ጋዙ ሲያፈስ ዘይቱንም ይዞት ይወጣል። እርስዎ ጋዝ ብቻ ሲጨምሩበት ብረት ከብረት ተፋጭቶ አለቀ። የዚህ ሞዴል ዕቃ ደግሞ ገበያ ላይ የለም፤ አሮጌ መኪና ከሚፈቱት ዘንድ አፈላልጋለሁ። ሦስት ሳምንት ይስጡኝ።"

"እስከዚያስ?"

"ነክሶ አልዞር ካለ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ይበጥስና መንገድ ላይ ያስቀራችኋል። አጠር ያለ ቺንጋ አስሬ ኮምፕሬሰሩን ልለፈው። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ቅዝቃዜ ግን የለም።"

"እኔን የቸገረኝ እኮ ቅዝቃዜው ነው!"

"እንግዲህ ፀሐይዋን አልጠግናት ጋሼ።"

አጭሩን ቺንጋ አሳስሮ ወጣ። መንገድ ላይ የሐኪሙን ቀልድ ሲያመነዥክ የድሮ ሥራው ትዝ አለው። በረሃ ሲያቋርጥ ጎማ እንዳይፈነዳበት ገና ሳይነጋ ነበር የሚነሳው። ፀሐይ አትጠገንም፤ ትቀደማለች። የሚስቱ ተራ ግን ሁለተኛው ነው፤ ረፋድ ገብተው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው የሚወጡት። አንደኛው ተራ ንጋት ላይ ገብቶ አራት ሰዓት ላይ ያልቃል።

ቤት ሲደርስ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ የሰባኪውንም፣ ተራ የመለዋወጥ ሐሳቡንም ጭምር።

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቃል ጆሮህ አልገባም?"

"አንድ ገብቷል። ኩሩ ሰው በር አያንኳኳም፣ ደጅ እንደቆመ ይመሽበታል ያለው።"

"እንግዲያው ሂድና አንኳኳ" አለችው፤ ሳቋን ደብቃ።

ለራሱ ሰው ለምኖ አያውቅም። ዛሬ ግን ሆስፒታል ሄዶ ለእጥበት ክፍሉ ነርስ ችግሩን አስረዳ። ነርሷ ከአንደኛው ተራ ታካሚዎች አንድ የሌሊት ዘበኛ መረጠችና ስልክ ደወለች፤ "ራስዎ ይንገሩት" ብላም ቀፎውን ሰጠችው።

"ወንድሜ" አለ ሰውየው፣ "ሚስቴን ሙቀት እየጣለብኝ ተቸግሬ ነው። ተራ ብንለዋወጥ..."

ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማው ዘበኛው። "እኔ እኮ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ነው የምገባው። አልጋው ላይ ነው የምተኛው። ለስንት ጊዜ ነው?"

"ዕቃው እስኪገኝ። ሦስት ሳምንት።"

ዘበኛው ቀኖቹን ለራሱ ሲቆጥር ተሰማ።

"ሦስት ሳምንት እችላለሁ" አለ ዘበኛው በመጨረሻ። "አራተኛውን ግን እንዳይጠይቁኝ፣ አባት።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለና ቀፎውን ለነርሷ መለሰ። ነርሷ ተቀብላ አመሰገነችለት።

ሐሙስ ሳይነጋ ወጡ። ሲመለሱ መንገዱ ላይ ገና የሕንፃዎች ጥላ ተኝቶ ነበር። አራቱንም መስኮት ከፍቶ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ዝግ ብሎ ነዳ። ነፋሱ የሚስቱን ሻርፕ ሲያወልቀው ይዛ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው። ስለ ዘበኛው እንቅልፍ አንስታ ስታዝን፣ ስትጸልይለትም፣ ቤት ደረሱ።

ልጃቸው እናቷን አስቀምጣ ለካች። ቁጥሩን አየች። ጨርቁን ፈታ በሌላኛው ክንድ ደግማ ለካች። አባቷ በሩን ተደግፎ ይጠብቃል።

"መቶ አስራ አምስት በሰባ" አለች ቀስ ብላ። መለኪያውን ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ወደ አባቷ ዞረች።

"ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት፣ አባዬ?"

"ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት።"

"ቴርሞሱን ከማታው ሞልቼ አስቀምጥላችኋለሁ" አለችው።